የደበቅሁት ሙቀት

ከሥራ ያሰናበተኝ አለቃ አይደለም፤ የገዛ እጄ ነው። ባለፈው ሰኔ እዚሁ መካነ ሰላም የአንድ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ልጠግን ገብቼ፣ የመዳብ ቱቦ አፍ ስዘረጋ ቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠና ቱቦው ተሰነጠቀ። ብርድ ነው ብዬ እጄን አሻሸሁ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ሳልነካ መሣሪያዬን ሰበሰብኩና ባለቤቱን "ወንድሜ፣ ከደሴ ሰው አስመጣ" ብዬው ወጣሁ። ሰውዬው ከፍሪጁ ይልቅ በኔ ደነገጠ፤ አገሩ "ይመር ፍሪጅ" የሚለኝ ሰው አልችልም ስል ሰምቶ አያውቅማ።

ቤት የዋለ ሰው ጉራ ይወዳል። እኔም ጉራ አላጣም። መድኃኒት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ተበላሽቶ፣ በጭቃ መንገድ መሣሪያ ተሸክሜ ሄጄ ጀንበር ሳትጠልቅ ያስነሳሁበት ቀን አለ። ኮምቦልቻ ሠርቻለሁ፣ ጅዳ ሠርቻለሁ፣ ደሴ ሠርቻለሁ። ግን ብቻዬን ስቀመጥ ልቤ የሚሄደው ወደ አንድ ቤት ነው፤ አቀስታ ወዳለው ቤት። እዚያ ቤት አንዲት እናት በኔ ጥፋት ሊሞቱ ነበር። ይኼን ሳልናገር የቀረውን ባወራ ወላሂ ውሸታም ነኝ። (ክርስቲያን ነኝ፤ ግን የወሎ ሰው ነኝና "ወላሂ" ከአፌ አይጠፋም።)

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ጋሽ አደምን ማወቅ አለባችሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ። አጭር፣ ጠይም፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ወረቀት አይወዱም፤ የሥራ ማዘዣ ሲሰጣቸው አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፣ እዚያው ይረሱታል። ቱቦ ሲቆርጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጫፉን ይሞርዳሉ፣ አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቀው ያራግፋሉ፣ በሽርጣቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ ያጮልቃሉ። "አንዲት ፍርፋሪ ከገባች ማሽኑን ውስጥ ውስጡን ትበላዋለች። አንተ ያን ጊዜ ደሞዝህን በልተህ ሄደሃል!" ይሉኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው ቤት ልንገጥም ስንሄድ ጫማቸውን አውልቀው ይገቡና ባለቤቱን "እርስዎ የሚቀመጡት የት ነው?" ይላሉ። ከዚያ ሄደው እዚያው ቦታ ቁጭ። ማጅራታቸውን በውሃ ያርሱና ዝም። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። አንድ ጊዜ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ቤት ሄደን፣ ሰውዬው ከሥራ ሲመለስ የገዛ ወንበሩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አገኛቸው። "ምን እያደረጉ ነው?" አላቸው ተቆጥቶ። ጋሽ አደም ዓይናቸውን ሳይገልጡ "እርስዎን እየሆንኩ ነው፤ አይረብሹኝ" አሉት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣሁ።

"አንተ ይመር፣ ነፋስን የሚያውቀው የተቀመጠ ሰው ነው። የቆመ ሰው ነፋስ አያውቅም" ይሉኛል። ደግሞ ሥራ በጀመርን ቁጥር የሚደጋግሟት አንዲት ቃል ነበረቻቸው፦ "እዚያ ቤት የሚተኛውን ሰው ሳታናግር መፍቻ አታንሳ።"

እኔ ግን ጅዳ ሄጄ ይኼን ሁሉ ጣልኩት። ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ከአፉ የማይጠፋው ቃል "ኸላስ" ነበር፣ "አለቀ" ማለት ነው። ሥራው ገና ሳይጀመር ኸላስ ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት በዓረብኛ ልነግረው ሞክሬ አልገባውም። በሀብታም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ ማጅራቴን ባርስማ በማግስቱ አገሬ ነበርኩ። ያም ሆኖ ከሱ ዘንድ አንድ ትልቅ ሙያ ተማርኩ፤ መደበቅ። ማሽኑ ኮርኒስ ውስጥ ይተኛል፤ አየሩ በላሜራ ቱቦ፣ እኛ ዳክት በምንለው፣ በየክፍሉ ይሄዳል፤ በግድግዳው ራስ ካለች ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። የቤቱ ሰው ማሽን አያይም፣ ድምፅ አይሰማም። እዚያ ለቅዝቃዜ ነው የምንገጥመው። ያው ማሽን ግን አሠራሩ ሲገለበጥ ያሞቃል፤ ከውጭው አየር ውስጥ ያለችውን ሙቀት ለቃቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። የውጭው አየር ቀዝቃዛም ቢሆን ሙቀት አያጣም፤ ማሽኑ አሟጦ ያወጣታል።

አገሬ ተመልሼ መካነ ሰላም ተቀመጥኩ። ለብዙ ዓመት ያን ሙያ የሚፈልግ ሰው አልመጣም፤ ማን ኮርኒስ ውስጥ ማሽን ያስቀብራል? የዛሬ ሦስት ዓመት መስከረም ላይ ከጅዳ ስልክ ተደወለ።

"ጋሼ፣ ሐዋ እባላለሁ። የአቀስታ ልጅ ነኝ። የሚያሞቅ ኤሲ ደብቀው መግጠም ይችላሉ ብለውኝ ነው።"

"እችላለሁ። ለምን ይደበቃል?"

"እናቴ እንዳታውቅ።"

ሐዋ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። አቀስታ ለእናቷ በብሎኬት ቤት አሠርታለች፤ ሰፊ መስኮት፣ ሴራሚክ ወለል። የሚያምር ቤት፣ ግን በረዶ ነው። እናቷ፣ እማማ ሉባባ፣ በድሮው ጭቃ ቤት ሳሉ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቷ መዳፍ የምታህል ነበረች። ሴራሚኩ ከመጣ ወዲህ ደረታቸው ተያዘ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በውርጩ ጊዜ፣ ታፍነው ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ጭስ አይጠጉ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አይግባ፣ ብርድም አይምታቸው አለ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ሰይድ ደግሞ ቁርጡን ተናገረ፦ ዘንድሮ አንዴ ደረታቸው ከታመመ ቤቱ ይዘጋል፣ እሳቸውም እሱ ዘንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይገባሉ። እማማ "የባሌን ቀብር ጥዬ ሰማይ ላይ በተንጠለጠለ ቤት አልሞትም" ብለው አልቅሰዋል።

"ታዲያ ማሽኑ እርሳቸውን እዚያው ሊያኖራቸው አይደል? ለምን አትነግሪያቸውም?" አልኳት።

"በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ልኬላቸው ነበር፤ መልሰው ለጎረቤት ሰጡት። 'ልጄ በሰው አገር የሰው ወለል እያሸች እኔ እሳት እየሞቅሁ ልተኛ? ሀራም ነው' አሉ። ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አንዲት ቃል አይንገሯቸው። እኔ ከዚህ በስልኬ አበራዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ኮርኒስ የሚጠግን ሰው ይመጣል ብያቸዋለሁ።"

የጋሽ አደም ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ልጅቷ ግን ስታለቅስ ሰማሁ። እሺ አልኩ።

እማማ ሉባባ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ሰው የሚመረምር።

"አንተ ነህ ኮርኒስ ሠሪው? ኮርኒሱ ምን ሆነ?"

"አይጥ በልቶታል፣ እማማ።"

"አይጥ? በአዲስ ቤት?"

"የአቀስታ አይጥ አዲስ ቤት ይወዳል።"

ከት ብለው ሳቁና "ግባ፣ ቤት ለእንግዳ" አሉኝ። ያ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሥራው ግን፣ ልንገራችሁ፣ የሕይወቴ ምርጥ ሥራ ነበር። በደጋ አገር አየሩ ቀጭን ነው፤ ማራገቢያው ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ያንሳል። ስለዚህ ማሽኑ ወረቀቱ ከሚለው ከፍ ያለ እንዲሆን አስገዝቻት ነበር። የውጭውን ማሽን ከጓሮ፣ ከማገዶ መከመሪያው ጀርባ፣ ጉልበት በሚደርስ የብረት እግር ላይ አቆምኩት። በውርጭ ጊዜ ገላው በረዶ ይይዛል፤ እሱም በየጊዜው በረዶውን ራሱ ያቀልጠዋል፤ የሚወርደው ውሃ ከሥሩ ተመልሶ እንዳይጋገር ከፍ ማለት አለበት። እንዳይነዝር ከእግሩ ሥር ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አነጠፍኩ። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል እንዳያቃጥለው ስታብላይዘር ገባለት። ቱቦውን በናይትሮጅን ሞልቼ አሳድሬ፣ በማግስቱ ግፊት የሚለካው የጌጁ መርፌ ካለችበት ፍንክች አለማለቷን አይቼ ነው ጋዝ የለቀቅሁት። አየር የሚወጣባቸውን ስንጥቆች ከኮርኒሱ ጌጥ ጋር አመሳሰልኳቸው። እኔ ራሴ ካላወቅሁ አላገኛቸውም ነበር።

አንድ ነገር ቀረ፤ መመለሻው። ማሽኑ ሞቃት አየር የሚሰጠው የቤቱን አየር መልሶ ሲስብ ነው፤ መሳቢያው ከተዘጋ ይታፈንና ይቆማል። መመለሻውን ሳሎን፣ ከግድግዳው ግርጌ፣ ከመደቡ ጀርባ አድርጌ በእንጨት ፍርግርግ ሸፈንኩት። ቦታው ለመደበቅ ተስማሚ ነው። እዚያ መደብ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አልጠየቅሁም።

እማማ ግን አዩት። "ይኼስ ምንድነው?"

"መተንፈሻ ነው፣ እማማ። ቤቱ እርጥበት እንዳይቋጥር።"

"ወደ ውጭ ነው የሚወጣው?"

"አዎ፣ ትንሽ።"

"እህ" አሉ።

እዚህ ላይ ነው ራሴን በጥፊ መምታት የሚያምረኝ። አቀስታ ያለችበት የለጋምቦ ሰው ቀዳዳ ካየ ጨርቅ ነው የሚፈልገው። ሕፃን ሽማግሌው በር ሥር ጆንያ ሲጎዘጉዝ፣ የመስኮት ስንጥቅ በላስቲክ ሲደፍን ነው የሚከርመው። "ከኋላ የመጣ ነፋስ ቀብር ያደርሳል" እየተባለ ነው ያደግነው። እኔ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ ለእኒያ ሴትዮ ከጀርባቸው ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ አለ ብዬ ነግሬያቸው ወጣሁ!

ጥቅምት ሰላም ነበር። ሐዋ በየማታው ከጅዳ ታበራለች፤ ማለዳ ታጠፋለች። እማማ ሳል ቀነሰላቸው። አንድ ቀን ላያቸው ብሄድ ጎረቤታቸውን ዘሀራን "ይኼ ኮርኒስ በረካ አለው! ከገባ ወዲህ ቤቴ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። የሟቹ ባሌ ዱዓ ነው" ሲሉ ሰማሁ። ዘሀራም አሚን አለች። እኔ ቆሜ ጫማዬን አየሁ።

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ማለዳ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ስልኬ ጮኸ። ሐዋ ናት።

"ጋሼ፣ ማሽኑ ቆሟል። ማታ ነው የቆመው፣ እኔ ተኝቼ አላየሁም። ሦስቴ አስነሳሁት፣ ሦስቴም ቆመ። ቀይ ምልክት ያሳያል። እማማ ስልክ አያነሱም!"

"ዘሀራ ጋ ደወልሽ?"

"አታነሳም። ዛሬ ገበያ ነው፣ ወጥታ ይሆናል።"

ከውጭ የነበረው ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። መፍቻዬንና ጌጄን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የአቀስታ ሚኒባስ ውስጥ አራት ሰው ተቀምጧል። ረዳቱ "ሲሞላ እንሄዳለን አባባ" አለኝ።

"ሰው እየሞተብኝ ነው!"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ልደበድበው ደረስኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ "ሹፌር፣ አንሳው!" አሉ። "ጎዶሎውን መንገድ ላይ ትሞላለህ። የሰውዬውን ፊት አታይም?" ሹፌሩ ፊቴን በመስታወቱ አየና ሞተሩን አስነሳ። መንገዱን ሁሉ ስልክ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ማሽን ለምን ይቆማል? መብራት ሄዶ ይሆን? መብራት ከሄደ ሐዋ ምልክት አታይም ነበር። በረዶው ይሆን? እግሩ ከፍ ያለ ነው። ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ከቆመ ታፍኗል ማለት ነው። ማን አፈነው? ያኔ ፍርግርጉ ትዝ አለኝ።

አቀስታ ስደርስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። በጓሮ ዞርኩ። የውጭው ማሽን ጸጥ ብሎ ቆሟል፣ ጀርባው ላይ ውርጭ ተጋግሯል። የማድቤቱ አምፖል እንደበራ ነው። ወደ ሳሎኑ መስኮት ተጠጋሁ። መጋረጃው ተዘግቷል። "እማማ! እማማ ሉባባ!" መልስ የለም። በሩን ገፋሁ፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ከሥሩ ደግሞ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ጨርቁን በጣቴ ስስበው ሽታው መጣ። የከሰል ሽታ።

ያን ጊዜ መፍቻዬን አንስቼ መስኮቱን ሰበርኩ። ጋሽ አደም፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እዚያ ቤት የሚተኛውን ሰው ሳላናግር ያነሳሁት መፍቻ እዚህ አደረሰኝ። በመስኮቱ ገብቼ እጄ ደምቶ በሩን ከፈትኩት። እማማ መደቡ ላይ ጎናቸውን ተኝተዋል፤ መስገጃቸው ከጎናቸው ተነጥፏል። የከሰሉ ምድጃ መሐል ወለል ላይ ነው፣ አመድ የለበሰ ፍም አለው። በብብታቸው ይዤ ወደ ደጅ ጎተትኳቸው። ረጅም ናቸው ግን እንደ ጭራሮ ቀለሉኝ። "እማማ፣ ይተንፍሱ! ይተንፍሱ፣ በሞቴ!" እያልኩ ጮህኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ውሃ ልታጠጣ ስትል ከለከልኳት። እማማ አስታወኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና፣ አይተውኝ እንደሆን አላውቅም፣ "በሩን ዝጉት፣ ይበርዳል" አሉ። ያቺን ቃል ስሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጤና ጣቢያው ኦክስጅን ሰጥቶ ወደ ደሴ ላካቸው። ከመሄዳችን በፊት ግን ሳሎን ገብቼ ፍርግርጉን አየሁ። አሮጌ ጋቢ ተጠቅጥቆበታል፤ በላዩ ደግሞ ትራስ ተደግፏል። ማሽኑ ታፍኖ ቆመ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ፤ ሳላቸው ሲነሳ፣ በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ዘሀራ አዝና ያቀጣጠለችውን ከሰል አስገባችላቸው። ክፉ የሠራ ሰው የለም። ክፉውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በደግ ልብ።

ሰይድ በማግስቱ ደሴ ደረሰ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጮኸብኝ። "ማሽን በጣሪያ ትቀብራለህ፣ ለእናቴ አይጥ ነው ትላለህ! አበቃ። ሲሻላት አዲስ አበባ ነው፤ ቤቱም ይዘጋል።" ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዳልባል፣ "ፈቅደህ እናትህን ላናግራቸው" አልኩት ብቻ።

እማማ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮርኒሱን፣ ማሽኑን፣ ሐዋ ከጅዳ እንደምታበራው፣ ቀዳዳው ወደ ውጭ እንደማይወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ሲጠራ ሰው ሊገድል ነበር።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ከዚያ፦

"በረካ ነው ብዬ ለስንት ሰው አወራሁ። የልጄ ላብ ኖሯል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እኔን በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረጋችሁኝ። እሷስ ልጅ ናት፣ እናቷን ፈራች። አንተ ሽበታም፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?"

"ጥፋተኛ ነኝ።"

"ቀዳዳውን ለምን እንደደፈንኩት ታውቃለህ? ስሰግድ፣ ስቀመጥ፣ ማጅራቴን እንደ ቢላ የሚቆርጥ ነፋስ ይመጣል። ሙቀቱ ከላይ፣ ቢላው ከኋላ። ይመር፣ ስንት ቀን ቤቴ ገባህ ወጣህ፤ አንድ ቀን እኔ የምቀመጥበት ተቀምጠህ ታውቃለህ?"

የጋሽ አደም ልማድ ነው፣ ከማያውቋቸው ሴትዮ አፍ የወጣው። ሰይድም ከአልጋው ማዶ ዞሮ አየኝ።

"አልተቀመጥኩም፣ እማማ።"

"እንግዲያ ሄደህ ተቀመጥ" አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው "ሰይድ፣ ከዚህ ስወጣ መጀመሪያ ወደ ቤቴ ነው። ይኼ ሰውዬ ያበላሸውን ካላቃና፣ በራሴ እግር ካንተ መኪና እገባለሁ" አሉት።

ሰይድ ጥርሱን ነክሶ "አንድ ሌሊት። አንዴ ከሳለች አልቀበልም" አለኝ።

አቀስታ ተመለስኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ ማሽኑን አስነስቼ፣ የእማማ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ማጅራቴን በውሃ አረስኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ መጣ። መመለሻው አየር ሲስብ በበሩ ሥር ያለውን ቅዝቃዜ በወለሉ ላይ ጎትቶ፣ በመደቡ ጠርዝ አውጥቶ፣ ቀጥ አድርጎ ማጅራቴ ላይ ያመጣዋል። ያንን ሁሉ ወር እኒያ እናት እየሰገዱ የተቀበሉት ነፋስ ይኼ ነው! በጌጅ የማይታይ፣ በወረቀት የማይጻፍ። ወላሂ እፍረት ነው ያቃጠለኝ።

መመለሻውን ነቅዬ ሰው ወደማይቀመጥበት ወደ መተላለፊያው ግድግዳ አዛወርኩት። አፉን በእጥፍ አሰፋሁት፤ አፉ ሲሰፋ አየሩ በዝግታ ይሳባል። የበሩን ሥር በላስቲክ ዘጋሁ። ፍርግርጉን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ራሱ አድርጌ፣ ማንም እንዲያየው ተውኩት። ማብሪያውን ደግሞ ከመደቡ አጠገብ፣ ቁጭ ያለ ሰው እጅ በሚደርስበት ገጠምኩት። ሲያልቅ እንደገና ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት። ማጅራቴ ደረቀ እንጂ አልቀዘቀዘም።

እማማ በሰይድ መኪና ደረሱ። ቤታቸው እንደገቡ ምርኩዛቸውን ወደ መተላለፊያው ፍርግርግ ቀሰሩ። "ይኼ የማሽኑ አፍንጫ ነው?"

"አዎ፣ አፍንጫው ነው።"

ዘሀራ እየተሳቀቀች ከበሩ ቆማ ነበር፤ ከአደጋው ቀን ወዲህ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። እማማ ጠርተው አቀፏት። "አንቺ ምን አጠፋሽ! እንቺ፣ እዪው፤ የሰው አፍንጫ ይደፈናል? አይደፈንም። ከሰልም ከእንግዲህ ደጅ ነው" አሏት። ከዚያ መደባቸው ላይ ተቀመጡና ማብሪያውን ረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን ሰደዱ፣ መለሱ። "ሀራም ነው" ብለው ቢተዉት ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ያከትማል።

"እኔ ስጫነው እዚያ ለሐዋ ይታያታል?" አሉኝ።

"ስልኳ ላይ ወዲያው።"

"ቢስሚላህ" ብለው ተጫኑት።

ያን ሌሊት የአቀስታ ውርጭ የባልዲ ውሃ አጋግሮ አደረ። እኔ እዚያው አካባቢ አንድ ዘመድ ቤት አድሬ ማለዳ ስመጣ ሰይድ ደጅ ቆሞ ፊቱን ይታጠባል። "አልሳለችም" አለኝ፣ ሌላ ነገር የጠበቀ ይመስል እየተገረመ። "እኔ ነኝ ሲያስለኝ ያደረው፤ እሷማ ዝም በል እያለች ትቆጣኝ ነበር።" በዚያው ቀን ብቻውን ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የእናቱን ሻንጣ ከመኪናው አውርዶ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ሐዋ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ማሽኑ በየማታው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይበራል። እኔ ሳልነካው! እርስዎ ነዎት?"

"እናትሽ ናቸው" አልኳት። ስልኩ ውስጥ ለቅሶዋን ብቻ ሰማሁ።

እነሆ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ሥራ ፈት ሆኜ፣ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እጄ መንቀጥቀጡን አይተው "ታዲያ ምን ትሠራለህ?" አሉኝ። "እቀመጣለሁ" አልኳቸው። "እሰይ፣ አሁን ተማርክ" ብለው ሳቁ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ቀኑ ሞቃት ነበር፤ እኔ ኮቴን አውልቄያለሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ማሽኑን አበሩት።

"እማማ፣ ዛሬ እኮ አይበርድም" አልኳቸው።

"አይበርድም" አሉ። "ልጄ ግን አይታው ነው የምትተኛው።"